የዓርቡ ቂጣ

ኩዌት በነበርኩበት ጊዜ እሑድ የሚውለው ዓርብ ነበር። አገሩ የሚያርፈው በጁምዓ ስለሆነ ክርስቲያኑም ቅዳሴውን ወደዚያው ቀን አምጥቶታል። እኔ የቄስ ልጅ ነኝ። ዓርብ ማለት ለእኔ ጾም ነው፣ ስቅለት ነው፣ ነፍሱን ይማረውና አባቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚውልበት ቀን ነው። በዚያ ቀን የእሑድ ዜማ ስሰማ ገና ያልነቃሁ ይመስለኝ ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ፣ በወር አንድ ዓርብ፣ አሠሪዬ ማዳም ደስ ሲላት እንዲሁ በእንቅልፍ ልቤ ወደዚያ ግቢ ስሄድ ኖርኩ።

ግቢው አንድ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ግን ብዙ ነው። ግብፆቹ በማለዳ ይገባሉ፣ ከእነሱ ቀጥለው ሶርያዎቹ፣ ሕንዶቹ ምድር ቤት አላቸው፣ ፊሊፒኖቹና ሌሎቹ ካቶሊኮች ትልቁን አዳራሽ ይዘዋል። ለእኛ ደግሞ ከጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ሰዓት ተቆጥሮ ተሰጥታናለች። በአንድ ግቢ ተከራይተው ውሃ ሲቀዱ ብቻ የሚተያዩ ጎረቤቶች ነበርን። ማን ከማን ተጣልቶ እንዲህ እንደተለያየን ጠይቄ አላውቅም። ጥጋብ ሆኖ ሳይሆን ድካም ነው፤ በወር አንድ ቀን የምታርፍ ሰው ስለ ጥንት ጠብ አትጠይቅም።

አንድ ዓርብ ማዳም እንግዳ በዝቶባት አርፍጄ ደረስኩ። የእኛ ቅዳሴ አልቋል፤ ዲያቆኑ ምንጣፉን እየጠቀለለ ነው። አንድ ወር ጠብቄ ባዶዬን ልመለስ ነው ብዬ እንባዬ መጣ። የትልቁ አዳራሽ በር ክፍት ነበር። ገባሁ።

ያየሁትን ዛሬም ሳስበው ከሕልም ለይቼ መናገር ይቸግረኛል። ጫማውን ያወለቀ የለም። ወንዱም ሴቱም በአንድ አግዳሚ ወንበር ተቀላቅሎ ተቀምጧል። ከበሮ የለ፣ ጽናጽል የለ፤ በፒያኖ ይዘምራሉ። እኛ ዘንድ ቅዱስ ይሣላል እንጂ አይቀረጽም፤ እዚያ ግን እመቤታችን ተቀርጻ፣ ሰማያዊ ልብስ ለብሳ፣ እጆቿን ዘርግታ ቆማለች። ልብሷ ልክ ማዳም በቦርሳ እንደምታኖረው ሐር ነው። ቢሆንም ፊቷን ሳይ አለቀስኩ። ቄሱ ጢም የለውም፤ የባንክ ሠራተኛ ይመስላል። ትንሽ ደወል ተደወለ፣ ሕዝቡ ሁሉ በጉልበቱ ወደቀ። በእሑድ አይሰገድም ተብዬ ነው ያደግኩት፤ ግራ ገባኝ። ኋላ ግን ቀኑ እኮ ዓርብ ነው ብዬ ተጽናናሁና እኔም ተንበረከክሁ።

ከዚያ ሰልፍ ሆነ። ሰው ሁሉ እጁን እየዘረጋ ከቄሱ አንዲት ነጭ፣ ስስ፣ የኮት ቁልፍ የምታህል ነገር ይቀበላል። መክፈልት መሰለኝ። መክፈልት እኛ አገር ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ የሚቆረስ የተባረከ ዳቦ ነው፤ ለታመመና ከቤት ለቀረ ሰውም በነጠላ ጫፍ ቋጥረን እንወስድለታለን። ቁርባን ይሆናል ብዬ ለአንድ አፍታም አላሰብኩም። ቁርባን እንዲህ ነው እንዴ? እኛ ከዋዜማው ጀምሮ እህልም ውሃም ሳንቀምስ፣ ነጭ ለብሰን፣ በባዶ እግራችን እንቀርባለን። ሥጋውን ካህኑ በአፋችን ያኖራል፣ ደሙን ዲያቆኑ እርፈ መስቀል በተባለችው ማንኪያ ያቀብለናል፤ ከዚያ አፋችንን በነጠላ ሸፍነን፣ ትንፋሻችንን እንኳ እየሰሰትን እንወጣለን። ከፊቴ የቆመችው ልጅ ግን ማስቲካዋን ከአፏ አውጥታ በወረቀት ስትጠቀልል በዓይኔ አየሁ።

ቄሱ አንድ ቃል አለኝ። "አሜን" አልኩት፤ አሜን መቼም በሁሉም አገር አሜን ነው። በመዳፌ አኖረልኝ። ወደ አፌ ሳልወስደው እናቴ ትዝ አለችኝ። በመሐረብ ቋጠርኩት፣ ጸሎት መጽሐፌ ውስጥ አስገባሁት፣ የሰረቅሁ ያህል እየተቻኮልኩ ወጣሁ።

አራት ወር ያህል ቆይቶ "እናትሽ አልጋ ይዛለች" የሚል ስልክ መጣ። ማዳምን ለምኜ፣ አልቅሼ፣ በመጨረሻም ተጣልቼ ወጣሁ። ከደሴ የተሳፈርኩበት አውቶቡስ ወረኢሉን ሲያልፍ የሐምሌ ጉም መንገዱን ውጦት ነበር። ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ነበር የሚነዳው። ከአሸዋ አገር የመጣሁት ሴት፣ አገሬ ከደመና ሥር ተደብቃ እስክትገለጥልኝ ጠበቅሁ። መካነ ሰላም ስንደርስም አልተገለጠችም። ቤታችንን ያገኘሁት በእግሬ ልማድ ነው።

እናቴ ብርድ ልብሱ ውስጥ አልታይ ብላኝ ነበር። ያን ያህል ከስታለች። ሻንጣዬን ስከፍት ሽቶውን ገፋ፣ አዲሱን ጋቢ ገፋ አድርጋ፣ "ከቤተ ክርስቲያንስ ምን ይዘሽልኝ መጣሽ?" አለችኝ።

ደስታዬን አልችለው አልኩ። መሐረቡን ፈታሁ። ቂጣዋ ሳትሰበር ደርሳለች። እናቴ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጋ ያዘቻት። መሐል ላይ የታተመች ትንሽ መስቀል አለች፤ እሷን በአውራ ጣቷ ዳበሰቻት። ረጅም ጊዜ አየቻት፣ ከዚያ እኔን አየችኝ።

"ከየት ነው?"

"ከዚያው፣ ከምሳለምበት ግቢ። መክፈልት ነው እማየ። ላንቺ ብዬ ነው ያቆየሁት።"

"አንቺስ ሳትቀምሺ?"

"ሳልቀምስ።"

አማተበች፣ በላችው። ጉንጯ አልተንቀሳቀሰም፤ ምላሷ ላይ ቀልጦ ጠፋ። "አልቦካም" አለች ቀስ ብላ። ከዚያ እጄን እንደያዘች ተኛች። ውጭ ጉሙ በመስኮቱ ጠርዝ ይገባ ይወጣ ነበር፤ እኔም ተቀምጬ ሳሸልብ ኩዌት ያለሁ፣ እናቴም እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ከእኔ ጋር ያለች መሰለኝ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ተደስቼ አላውቅም።

እናቴ ቆራቢ ናት። ከአባቴ ጋር በቁርባን ተጋብታ፣ እሱም ከሞተ በኋላ፣ ፍልሰታ ጾም መጥቶ ሳትቆርብ ቀርታ አታውቅም። አሁን ከአልጋ መነሳት አቅቷታል፤ የቀራት ጊዜ አጭር እንደሆነ እሷም እኔም እናውቃለን። "ዘንድሮን ብቻ" አለችኝ። "ፍልሰታን ቆርቤ ልሂድ። ሌላ ነገር አልለምንሽም።" የሰፈሩ ወንዶች በቃሬዛ ሊወስዷት ተስማሙ። የቀረው ጾሙ እስኪገባ መጠበቅ ነበር።

የነፍስ አባቷ ሊጠይቋት የመጡት ሐምሌ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። የአባቴ ባልንጀራ የነበሩ፣ ቀልድ የሚወዱ ሽማግሌ ቄስ ናቸው። የተናገርኩት እኔው ነኝ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉት ነገር ነው። ከባሕር ማዶ የመጣ ሰው ጉራ አያጣምና፣ "አባ፣ እኔ እኮ ከዚያ አገር መክፈልት አምጥቼ አጎረስኳት" አልኳቸው።

"እሰይ! ከየትኛው ደብር?"

ነገርኳቸው። መጀመሪያ እየሳቁ ነበር የሚጠይቁኝ። ደወል ተደውሎ ነበር? አዎ። ሰው ተንበርክኮ? አዎ። ቄሱ ያን ነገር ወደ ላይ ከፍ አድርጎት ነበር? አዎ። እርሾ ነበረው? የለውም። በእያንዳንዱ አዎ ፊታቸው እየጠቆረ ሄደ። በመጨረሻ ጥምጥማቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አኖሩት።

"ልጀ፣ ያ መክፈልት አይደለም። የእነሱ ቁርባን ነው።"

እናቴ ዓይኗን ጨፍና ነበር። የተኛች መስሎኝ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ "እና ምን ይሁን?" አልኩ።

ቀስ ብለው ነገሩኝ። ከሺህ አምስት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል አሉ፣ አባቶች በአንድ ጉባኤ ላይ ስለ ክርስቶስ ሲነጋገሩ ነው የተለያዩት። ምዕራቦቹ በአንዱ ክርስቶስ ሁለት ባሕርይ አሉ፤ የእኛዎቹ፣ ግብፁም ሶርያውም፣ ተዋሕዶ አንድ ሆነ አሉ። ከዚያ ወዲህ ማዕዱ ተለየ። እርሾውም ሌላ ጠብ ሆነ፤ ምሥራቆቹ ያልቦካ ኅብስት ነፍስ እንደሌለው ሥጋ ነው ይላሉ፣ ምዕራቦቹ ደግሞ ጌታ በፋሲካ የቆረሰው ቂጣ ነው ይላሉ። "ደግሞ አየሽ" አሉኝ፣ "እነሱ ለበሽተኛ ቁርባኑን ቤቱ ድረስ ይወስዱለታል። እኛ በሽተኛውን ተሸክመን ወደ ቁርባኑ እናመጣለን። አንቺ ሳታውቂ የእነሱን ሥራ ሠራሽ። ከተለየ ማዕድ የቆረበ ሰው ደግሞ ንስሓ ሳይገባ ከእኛ አይቆርብም።"

ቁጣዬ አፍንጫዬ ላይ ናት። ተነሳብኝ። "አባ፣ አንድ ነገር ይመልሱልኝ" አልኩ። "ያ ነገር እውነት ሥጋው ከሆነ እናቴ ቆረበች። ካልሆነ ዱቄት በላች። የትኛው ነው ኃጢአቱ?"

"ጉባኤ ቤት መግባት የነበረብኝ እኔ ሳልሆን አንቺ ነበርሽ" አሉ። መልስ ግን አልሰጡኝም። አጅባር ያሉትን መምህራቸውን በስልክ ጠይቄ እመለሳለሁ ብለው፣ እርጥብ ከዘራቸውን አንስተው ወጡ።

ያን ዕለት በቀትር አበድኩ። የጎረቤታችን የሼሁ ባለቤት እናቴን ልትጠይቅ ስትገባ በሩ ሥር ተቀምጬ አገኘችኝ። ባለቤቷ ለሰፈሩ ልጆች ቁርኣን ያቀራሉ፤ እሷና እናቴ ወጣትነታቸውን አብረው ያሳለፉ ናቸው። ሁሉንም ነገርኳት። በዚያ ጉባኤ የተጣሉት ሰዎች እናቴን አያውቋት፣ እሷም አታውቃቸው፣ አሁን ከሞቱ በኋላ መጥተው አፏን ይዘጉባታል ወይ አልኳት።

"አብሽሪ የኔ ዓለም" አለችኝና አጠገቤ ተቀመጠች። "እኔና እናትሽ ስንት ዘመን ኖርን? አንድ ቀን ሥጋ አብረን በልተን እናውቃለን? ለልጄ ሠርግ ለናንተ በሬ ለብቻ በክርስቲያን እጅ አላሳረድንም? እስቲ ንገሪኝ፣ ተጣልተን ነው?"

"አይደለም።"

"ማዕድ ይለያል ልጀ። ያ አንድ ነገር ነው። ጠብ ሌላ ነገር ነው። አላህ ያግራላት።"

ንዴቴ አልበረደም፤ ግን አቅጣጫውን ሳተ። በማን እንደምናደድ ጠፋኝ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኔ ነው። እናቴን ላስደስት ብዬ የምትጠብቀውን አንድ ነገር ከአፏ ነጠቅኋት። ይህን ለራሴ በቃል ያልኩት ያኔ ነው፣ እና በጣም ፈራሁ።

አባ የፍልሰታ ዋዜማ ተመለሱ። ጭቃቸውን ደጃፍ ላይ እየጠረጉ፣ ከሩቅ ነው ፈገግ ያሉት። "መምህሬ ባለማወቅ የተደረገ ነው ብለዋል" አሉ። "ያላወቀ ሰው አይከሰስም። ትናዘዝና ትቁረብ።" ጉልበታቸውን ልስም ተደፋሁ። እናናዝዛት ብለው ሲቀመጡ ልወጣ ተነሳሁ፤ እናቴ ግን፣ "ተቀመጪ" አለችኝ።

ከትራሱ ላይ ራሷን ቀና አደረገች። "ባለማወቅስ አይደለም አባቴ።"

አባ ቀና አሉ።

"ባለቤቴ ስንት ጊዜ ነግሮኛል። ፈረንጅ በቂጣ ይቀድሳል፣ መስቀልም ያትምበታል ብሎ። ገና በእጄ ስይዘው አወቅሁት። አውቄ ነው የበላሁት።"

"ምነው? ስለምን?" አባ ድምፃቸው እንደ ልጅ ሆነ።

"ሰባት ዓመት ይችን ልጅ በሐሳብ ስከተላት ኖርኩ። ጸሎት ትታ ይሆን፣ ደጁን ረስታው ይሆን እያልኩ አልተኛሁም። መሐረቡን ስትፈታልኝ አልረሳችም አልኩ። ከመንገድ እንደገባች 'ተሳስተሻል ልጀ' ብዬ ልመልስላት? አልቻልሁም። ይቅር ይበለኝ። ግን አባቴ፣ ባለማወቅ ነው በሚል ሐሰት ተጠግቼ አልቆርብም።"

ጉም በበሩ ገብቶ አባ እግር ሥር ተኝቶ ነበር። ከዚያ አባ፣ መሬት መሬት እያዩ፣ "አርባ ቀን ንስሓ" አሉ። ጮህኩባቸው። አርባ ቀን ከየት ታመጣለች፣ አያዩዋትም ወይ፣ ዝም ብለው ቢሰሟት ምን ነበር፣ እንዳልሰሙ ሆነው ቢያልፉት ምን ነበር አልኩ። ከዚያ በፊትም በኋላም በካህን ላይ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም።

"ዝም በይ!" አለችኝ እናቴ፤ በዚያ ሰሞን ከእሷ ያልጠበቅሁት ድምፅ ነበር። "የሚገባኝን ነው የሰጡኝ።"

ስግደቱን እሷ ስለማትችል እኔ እንድሰግድላት ታዘዝኩ፤ በየቀኑ አርባ አንድ። ጎህ ሲቀድ አልጋዋ ፊት እሰግዳለሁ፣ እሷ ትቆጥራለች። መሐል ላይ ታሸልብና ቁጥሩ ይጠፋባታል። ስትነቃ፣ "ከስንት ደረስን?" ትላለች። "ሠላሳ ሁለት" ስላት፣ "የለም፣ አልሰማሁሽም፣ ከአንድ እንጀምር" ትላለች። አንዳንድ ቀን ሰባ ሰማንያ ሰግጃለሁ። ወገቤ ቢቆረጥም አሁን ሳስበው ከእናቴ ጋር የተቀመጥኩባቸው ምርጥ ሰዓቶች እነሱ ናቸው። ሰው መሆኔ ጠፍቶኝ፣ እሷ ቁጥር፣ እኔ ስግደት ብቻ ሆነን፣ ውጭ ዓለም በነጭ ጉም ተሸፍኖ የሌለ ይመስለን ነበር።

ፍልሰታ ገባ፣ ወጣ፤ በቃሬዛ ሊወስዷት የመጡትን ወንዶች ደክማለች ብዬ መለስኳቸው። ቅዳሴው በድምፅ ማጉያ ከጉሙ ውስጥ ይመጣ ነበር። እናቴ እያንዳንዱን ተሰጥዎ በሹክሹክታ ትመልስ ነበር። ሕዝቡ ለመቁረብ የሚጠራበት ቦታ ሲደርስ ዝም ትላለች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። እኔም በዚያች ሰዓት ወጥቼ ደጅ እቆማለሁ።

ጳጉሜ መጣች። ኩዌት ውስጥ ይህች ወር የለችም። ሰባት ዓመት ሳልኖርባት ቆይቼ ነበርና እንደ አዲስ አየኋት። የእነሱ ዓመት በአሥራ ሁለት ያልቃል፣ የእኛ ከዓመቱ የተረፈች አምስት ቀን አለችው፤ የማንም ያልሆነች፣ ለማንም ያልተቆጠረች። በሦስተኛው ቀን፣ በሩፋኤል፣ ሰማይ ይከፈታል ይባላል፤ ዝናቡ ጸበል ነው። ሰው ሁሉ ከቤቱ ወጥቶ ይመታበታል። እናቴ፣ "ክፈችልኝ" አለች። በሩን ከፈትኩት። ዝናቡን በመዳፌ ተቀብዬ ፊቷን አበስኩላት። ደጋግማ፣ "ጨምሪልኝ" አለች። ጨመርኩላት። የሼሁ ባለቤት ገብታ እግሯ ሥር ተቀመጠች። ዝናቡ ሲያባራ እናቴ አልነበረችም። ከአርባው ቀን ሰባት ቀርቷት ነበር።

በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ ጉሙ ተገፎ ነበር፤ ሜዳው አረንጓዴ ሆኖ ዓይን ይወጋል። በእኛ ደብር ለቆራቢ የሚሰጠው የመቃብር ቦታ ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ጠጋ ያለው ነው። ሌላው ሰው ከዛፎቹ ወዲያ ይቀበራል። የደብሩ ገበዝ ወደ አባ ጠጋ ብሎ ሲጠይቅ ሰማሁት።

"አባ፣ ዘንድሮ ቆርባ ነበር ወይ?"

አርባው ቀን እንዳልሞላ አባ ያውቃሉ፣ እኔ አውቃለሁ፣ እግዚአብሔር ያውቃል። የንስሓዋን ነገር ግን ከእኛ በቀር ማንም አያውቅም። አባ መስቀላቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ፤ ወደ እኔ አላዩም። ሐምሌ ላይ የጠየቅኋቸውን፣ ሳይመልሱልኝ የሄዱትን፣ ሥጋው ነው ወይስ ዱቄት የሚለውን ጥያቄ እያሰቡ መሆናቸውን አወቅሁ፤ እንዴት እንዳወቅሁ ግን አልናገርም።

"ቆርባለች" አሉ።

ገበዙ ራሱን ነቀነቀና ሄደ። ወንዶቹ አካፋቸውን አንስተው ከግድግዳው ሥር መቆፈር ጀመሩ።